ዋጋ በውስጥ መስመር፦ ነጋዴው በማህበራዊ ሚዲያ ላይ ገበያውን የሚያጣው የት ነው?

(ለአነስተኛ ነጋዴዎች በተዘጋጀ የምሽት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ሱቅ ዘግታችሁ፣ ያንን ሁሉ የመንገድ መጨናነቅ አልፋችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጊዜያችሁ ውድ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ስለ ማህበራዊ ሚዲያ ማርኬቲንግ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ያው ነው። ተከታይ እንዴት ይበዛል? ቪዲዮ እንዴት ቫይራል ይሆናል? እኔ የምጀምረው ከኮመንት ነው። የፈለጋችሁትን የአዲስ አበባ ሱቅ ፔጅ ክፈቱ። የጫማም ይሁን፣ የሶፋም፣ የኬክም። ከፎቶው ሥር ያለውን አንብቡ። «ዋጋ?» «ስንት ነው?» «አድራሻችሁ የት ነው?» «ሳይዝ 40 አለ?» ከሥሩ የባለቤቱ መልስ አለ፦ «በውስጥ መስመር ያናግሩን።» ብዙ ጊዜ ደግሞ ምንም መልስ የለም። ጥያቄው ከተጻፈ ሳምንት አልፎታል።

ያ «ዋጋ?» ብሎ የጻፈ ሰው ላይክ አድርጎ ካለፈው ሁሉ ይበልጥባችኋል። ፎቶ ያነሳችሁት ለእሱ ነው። ለቡስት፣ ማለትም ፖስታችሁ ለብዙ ሰው እንዲታይ፣ የከፈላችሁት ለእሱ ነው። መጣ፣ ጠየቀ፣ መልስ አጣ፣ ወደ ሌላ ፔጅ ሄደ። እኔ የሰው ፔጅ ሳገላብጥ ነው የምውለው። ገበያው በአብዛኛው የሚያመልጠው እዚህ ጋ ነው። ዛሬ የማነሳቸው የተሳሳቱ አስተሳሰቦች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም የሚያገናኛቸው ግን አንድ ነገር ነው። ፖስት ከተደረገ በኋላ የሚመጣውን ሥራ፣ ሥራ ብለን አንቆጥረውም።

ዋጋ መደበቅ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚያስከፍለን እሱ ይመስለኛል።

ለምን አትጽፉም ብዬ ስጠይቅ የማገኘው የመጀመሪያ መልስ «ተፎካካሪ ያየዋል» የሚል ነው። መርካቶ የሠራ ሰው እንዲህ ሲል ይገርመኛል። ጎረቤታችሁ ዋጋችሁን ድሮ ያውቀዋል። ባያውቅም አንድ ልጅ አስደውሎ መጠየቅ ይበቃዋል። ዋጋው የተደበቀው ከገዢው ነው። ሁለተኛው መልስ «ኢንቦክስ ካደረገ አናግሬ አሳምነዋለሁ» ነው። ይሄ እውነትነት አለው። ጎበዝ ሻጭ ሰውን በንግግር ይይዛል። ግን ስንቱ ነው ኢንቦክስ የሚያደርገው? ዋጋ ያልተጻፈበትን ዕቃ ብዙ ሰው «ውድ ቢሆን ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሌላው «ማንነቴን አይተው ሊጠሩብኝ ነው» ብሎ ይጠረጥራል። በተለይ ውጭ ያለው ወገናችን ይህ ስጋት አለበት። ፕሮፋይሉ ላይ ሜሪላንድ ወይም ዱባይ የሚል ሲታይ ዋጋው ከፍ ይልብኛል ብሎ ያስባል። ስጋቱ ደግሞ ያለ ምክንያት አልመጣም።

ሦስተኛው ምክንያት ይገባኛል። ዋጋ አልረጋ ብሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ዛሬ የጻፋችሁት ዋጋ በሳምንቱ ሊያከስራችሁ ይችላል። ለዚህ ግን መላ አለው። «ይህ ዋጋ እስከ ቅዳሜ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ወይም «እንደ መጠኑ ከ3,500 እስከ 5,000 ብር» በሉ። ገዢው የሚፈልገው አቅሙ ይመጥን እንደሆነ ማወቅ ነው። ሕጉም ቢሆን ከዚህ ጋር ነው። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በንግድ ቤቱ በሚታይ ቦታ እንዲያስቀምጥ ወይም ዕቃው ላይ እንዲለጥፍ ያዛል። ሱቅ የገባ ደንበኛ «ይሄ ስንት ነው?» ሲላችሁ «ውጭ እንውጣና በጆሮዎ ልንገርዎ» አትሉትም። ፔጅ ላይ ለምን እንዲህ እንደምናደርግ አይገባኝም።

አሁን ወደ ተከታይ ልምጣ። ከባንክ ደብተራቸው ይልቅ የተከታያቸው ቁጥር እንቅልፍ የሚነሳቸው ነጋዴዎች አውቃለሁ። ተከታይ ሁሉ ፖስታችሁን ያየዋል ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። ይህ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ኦግልቪ የተባለው ትልቅ የማስታወቂያ ድርጅት የድርጅቶችን የፌስቡክ ፔጆች አጥንቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መገባደጃ ያለ ክፍያ የወጣ ፖስት የሚደርሰው ለ12 በመቶ ተከታይ ነበር። በአራት ወር ውስጥ ወደ 6 በመቶ ወረደ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተከታይ ባላቸው ፔጆች ላይ ደግሞ ወደ 2 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ማርክ ዙከርበርግ ራሱ ከድርጅቶች ፖስት ይልቅ የቤተሰብና የጓደኛ ፖስት እንደሚቀድም በይፋ ተናገረ። ስለዚህ ተከታይ መሰብሰብ ብቻውን በር አይከፍትላችሁም።

ቲክቶክ ደግሞ ሌላ ጸባይ አለው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ አሠራሩ ሲያብራራ፣ የተከታይ ብዛት ቪዲዮው ለማን እንደሚታይ በቀጥታ እንደማይወስን ገልጿል። ይህ ለአነስተኛ ነጋዴ መልካም ዜና ነው። ትናንት የተከፈተ አካውንት ዛሬ በብዙ ሰው ሊታይ ይችላል። በዚያው ልክ ትናንት በብዙ ሰው የታየ አካውንት ዛሬ ላይታይ ይችላል።

ቴሌግራም ላይ ነገሩ ቀለል ይላል። የቻናል ፖስት ለአባላቱ ሁሉ ይደርሳል፤ ስንት ሰው እንዳየውም ከሥሩ ተጽፎ ይታያል። ለዚህ ነው ሜምበር የገዛ ሰው ቴሌግራም ላይ ቶሎ የሚታወቀው። አንድ ቻናል 40 ሺህ ሜምበር አለው ሲሏችሁ ፖስቶቹን ወደ ላይ ከፍ እያደረጋችሁ ዕይታቸውን ተመልከቱ። ሦስት መቶ፣ ሦስት መቶ ሃምሳ የሚል ከሆነ የቀረው ሰው የለም ማለት ነው። ወይ የተገዛ ነው፣ ወይ ቻናሉን ድምፅ አጥፍቶ ረስቶታል። ማስታወቂያ ልታስነግሩበት ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሜምበርና ፎሎወር የሚሸጡላችሁ ልጆች «ብዙ ሲሆን ሰው ያምናል» ይሏችኋል። የምትከፍሉት ግን ከብሩ በላይ ነው። ፌስቡክም ሆነ ኢንስታግራም ቀጥሎ ለማን እንደሚያሳይ የሚገምተው፣ ማን ቆሞ እንዳነበበ፣ ማን እንደነካ፣ ማን እንደጠየቀ እያየ ነው። የተገዛ አካውንት አያነብም፣ አይጠይቅም፣ አይገዛም። እውነተኞቹን ደንበኞቻችሁን በማይናገር ሕዝብ መሀል ትቀብራላችሁ። በአሜሪካ ይህ በሕግ የሚያስጠይቅ ሆኗል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2019 ዴቩሚ በተባለ የሐሰት ተከታይ ሻጭ ድርጅት ላይ እርምጃ ወሰደ። በ2024 ባወጣው ደንብ ደግሞ ለንግድ ጥቅም ተብሎ የሐሰት ተከታይ መሸጥንም፣ እያወቁ መግዛትንም ከለከለ።

ስለ ዕይታ ቁጥርም አንድ ነገር ልበል። «ቪዲዮዬ መቶ ሺህ ሰው አየው» ስትሉ «ማየት» ማለት ምን እንደሆነ ጠይቁ። ፌስቡክ ላይ ለዓመታት ሦስት ሰከንድ የታየ ቪዲዮ እንደታየ ይቆጠር ነበር። ቲክቶክ ላይ ቪዲዮው መጫወት እንደጀመረ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ፌስቡክ ራሱ ሰዎች ቪዲዮ ላይ የሚቆዩበትን አማካይ ጊዜ ለሁለት ዓመት ያህል አጋንኖ ሲያሳይ እንደነበር አምኗል። ግነቱ ከ60 እስከ 80 በመቶ ይደርስ ነበር። ያንን ቁጥር አምነው በጀት የመደቡ ትልልቅ ኩባንያዎች ነበሩ። እናንተም ቁጥሩን እዩት፤ ግን ቆማችሁ አትጨፍሩበት።

አሁን ቡስት። እዚህ ላይ ብዙ ብር ይባክናል።

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ ስልኳን ሰጥታኝ አብረን ፔጇን አየነው። የሰርግ ቀሚስ ፎቶ ነው፤ ጥለቱ በጣም ያምራል። ብር ከፍላ አስቦስታዋለች። ላይኩ በሺህ ይቆጠራል። ኮመንቱን ወረድን። «ዋው»፣ «እንዴት ያምራል»፣ «እጅሽ ይባረክ»፣ ልብ፣ አበባ። ቡስቱን ያደረገላት ልጅ ምን እንደመረጠ ከፍተን አየን። ዓላማው ላይክና ኮመንት ማብዛት ነው። ቦታው መላው ኢትዮጵያ። ዕድሜ ከ18 እስከ 65። ወንዱም ሴቱም። ሲስተሙ የታዘዘውን አደረገ። ላይክ የሚወዱ ሰዎችን ፈልጎ አገኘላት። ልብስ የሚገዙ ሰዎችን ፈልግ ያለው ሰው አልነበረም።

ማስታወቂያ ስታስነግሩ የምትመርጡት ዓላማ ነገሩን ሁሉ ይወስነዋል። ላይክ ብትመርጡ ላይክ የሚያደርግ ሰው ይመጣል። መልእክት ብትመርጡ የሚጽፍላችሁ ሰው ይፈለጋል። የሚያስቦስትላችሁን ሰው «ዓላማው ምንድን ነው የመረጥከው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ሌላ ሰው ፈልጉ።

ወደ ኢንቦክሷ ገባን። እዚያ ደግሞ የሚያሳዝን ነገር ነበር። በቁጥር ትንሽ ቢሆኑም እውነተኛ ጥያቄዎች ነበሩ። «ፈትል ነው ወይስ መነን?» «ቁመቴ 1.65 ነው፣ ልኬን ልላክ?» «ለጥር 10 ይደርሳል?» «ዋሽንግተን ትልካላችሁ? በስንት ቀን?» አብዛኞቹ አልተመለሱም። የተመለሱትም በሁለተኛው ቀን ማታ ነው። ፔጁን የሚይዘው የእህቷ ልጅ ነው፤ ቀን ትምህርት ላይ ነው። ማታ ሲገባ ደግሞ ፈትሉን ከመነኑ አይለይም፤ ሸማኔው በስንት ቀን እንደሚያደርስም አያውቅም። «ጠይቄ ልንገርሽ» ይላል። ገዢዋ እስከዚያ አትጠብቅም። ነጋዴዋ ደግሞ ሙሉ ቀን ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ የዋለች፣ ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የምትመልስ ሴት ናት።

«ልጅ ቀጥሬያለሁ፣ እሱ ይሠራዋል» የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ የመጣ ነው። ወጣት ስለሆነ ስልክ ያውቃል፤ ስለዚህ ማርኬቲንግ ያውቃል እንላለን። ፎቶ ማንሳቱንና ቪዲዮ መቁረጡን ይሥራ፤ ጎበዝ ናቸው። መልሱን ግን ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ይስጥ። ካልተቻለም ተቀምጣችሁ አብራችሁ ጻፉት። ሁልጊዜ የሚጠየቁት ነገሮች ያው ናቸው። ዋጋ፣ ቦታ፣ ሳይዝ፣ ስንት ቀን ይፈጃል፣ ቀብድ ስንት ነው፣ ዴሊቨሪ አለ ወይ፣ ካልሆነኝ ይቀየራል ወይ። መልሶቹን በግልጽ አማርኛ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ዋትስአፕ ቢዝነስ ላይ ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ አጭር መልስ አለ፣ የዕቃ ዝርዝር ማሳያ አለ፣ ሱቅ ዝግ ሲሆን በራሱ የሚሄድ መልእክት አለ። ነፃ ነው። ከቡስት በፊት ይህን ጨርሱ። መልስ ሰጪ ሳይኖር ሰው መጥራት ብር መድፋት ነው።

ቡስት ላይ ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር የእኛው አገር ነው። ብዙዎቻችን በብር ካርድ ለፌስቡክ በቀጥታ መክፈል ስለማንችል ዶላር ባለው ሰው በኩል እናስደርጋለን። ዶላሩ ሲወደድ ቡስቱም ተወደደ። ስለዚህ የከፈላችሁት እያንዳንዱ ዶላር የት እንደገባ ማየት መብታችሁ ነው። «20 ዶላር ቦስቼልሃለሁ» ሲላችሁ ከማስታወቂያ ማስተዳደሪያው ላይ ስክሪንሾት ጠይቁ። ስንት ወጣ፣ ስንት ሰው ጋ ደረሰ፣ ስንት ሰው ጻፈ የሚለው ሁሉ እዚያ አለ። ፓስወርድ ግን ለማንም አትስጡ። ለፔጃችሁ ማስታወቂያ ብቻ የሚሠራበትን ፈቃድ መስጠት ይቻላል፤ ባለቤትነቱ ከእናንተ እጅ አይውጣ። ከልጁ ጋር ሲጣሉ ፔጃቸውን ያጡ ነጋዴዎች አይቻለሁ። የዓመታት ድካም ነው የሚሄደው።

«በጣም አጥብቤ የምፈልገውን ሰው ብቻ ልምረጥ» የምትሉም አላችሁ። እዚህ ላይ ትልልቆቹም ተሳስተዋል። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል፣ የፓምፐርስና የአሪኤል ባለቤት፣ ፌብሪዝ የሚባል የቤት ሽታ ማጥፊያ አለው። የፌስቡክ ማስታወቂያውን የቤት እንስሳ ላላቸውና ቤተሰባቸው ብዙ ለሆነ ሰዎች ብቻ አደረገው። ሽያጩ አልነቃነቅ አለ። ከ18 ዓመት በላይ ላለ ሁሉ ሲከፍተው ግን አደገ። ኩባንያው ይህን የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የዲጂታል ማስታወቂያ ወጪ ቀነሰ፤ ሽያጩ ላይ ያየው ጉዳት አልነበረም። ይህን የምነግራችሁ ማስታወቂያ አይሠራም ለማለት አይደለም። በጊዜው የዓለም ትልቁ አስተዋዋቂ የነበረው ኩባንያ ብሩ የት እንደሚባክን ቆም ብሎ ከፈተሸ፣ ዶላር በውድ የምንገዛው እኛም መፈተሽ አለብን። ለትንሽ ሱቅ አብዛኛውን ጊዜ ከተማውንና ጾታውን መምረጥ ይበቃል። ዴሊቨሪያችሁ አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ ማስታወቂያው አዲስ አበባ ይሁን።

«ሁሉም ቦታ መኖር አለብን» የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ፣ ሁሉንም ከፍቶ ሁሉንም ያደረቀ ነጋዴ ብዙ ነው። እንግሊዝ አገር ዌዘርስፑን የሚባል ወደ 900 የሚጠጉ መጠጥ ቤቶች የነበሩት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከፌስቡክም ከትዊተርም ከኢንስታግራምም ወጣ። ዛሬም መጠጥ ቤቶቹ ክፍት ናቸው። እናንተ ውጡ አልላችሁም። አንድ ወይም ሁለት ምረጡና በደንብ መልሱበት።

የቱን እንደምትመርጡ የሚወስነው ገዢያችሁ ነው። የአዲስ አበባ ዕቃ ፈላጊ ቴሌግራም ቻናል ያገላብጣል። ወጣቱ ቲክቶክ ላይ ነው። የሀበሻ ልብስ፣ በርበሬ፣ ሽሮ ወደ ውጭ የምትልኩ ከሆነ ፌስቡክና ዋትስአፕ ያስፈልጋችኋል። የዓረብ አገር ደንበኛ ካላችሁ ኢሞም አትርሱ፤ እህቶቻችን ብዙዎቹ እዚያ ነው የሚያወሩት። ሰዓቱንም አስቡ። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፣ ዋሽንግተን ግን በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የሜሪላንዷ ደንበኛ ከሥራ ወጥታ የምትጽፍላችሁ እናንተ እንቅልፍ ላይ ስትሆኑ ነው። ጠዋት ሱቅ ስትከፍቱ መጀመሪያ የምትመልሱት ለእሷ ይሁን።

ቫይራል መሆንን የምትመኙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኬክ የምትሠራ ሴት ቪዲዮዋ ተወዶ ከአዳማ፣ ከሐዋሳ፣ ከባሕር ዳር ሰው ይጽፍላታል። የምታደርሰው ግን ሃያ ሁለትና ቦሌ አካባቢ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ «ወደዚያ አንልክም» ስትል ትውላለች። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አጠገቧ ያለው ደንበኛ ይጠፋባታል። ለእሷ አምስት ሺህ የሰፈር ሰው ቢያያት ይሻላታል።

ከቫይራል ይልቅ የቀን መቁጠሪያችንን ብታውቁበት ይጠቅማችኋል። አልጎሪዝሙ፣ ፖስት ለማን እንደሚታይ የሚመርጠው ሲስተም፣ የእኛን ጾም አያውቅም። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ ስለ ክትፎ ከመለጠፍ የጾም በያይነቱን ብታሳዩ፣ ክትፎውን ደግሞ ለፋሲካ ሰሞን ብታቆዩት ሰው ያስታውሳችኋል። በረመዳን የሰው ቀን ይለወጣል፤ ስልክ የሚከፈተው ከኢፍጣር በኋላ ነው። የሀበሻ ልብስ ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ስህተት አያለሁ። ለጥምቀትና ለጥር ሰርግ የሚሆን ቀሚስ በታኅሣሥ መጨረሻ ይለጠፋል። ሸማኔው መቼ ያድርሰው? ጥለቱ መቼ ይሠራ? ወደ ውጭ የሚላከውስ መቼ ይድረስ? የጥር ገዢ የምትፈለገው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ዕንቁጣጣሽም እንደዚያው፤ ሐምሌ ላይ መጀመር አለበት።

ፎቶንም አንድ ልበል። ከኢንተርኔት የወረደ የሌላ ሰው ዲዛይን አትለጥፉ። «ያየሁት ሌላ፣ የመጣልኝ ሌላ» የሚለው ምሬት ገበያውን ሁሉ እየጎዳ ነው። ቀብድ መላክ የሚፈሩ ሰዎች የበዙት በዚህ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የራሳችሁን ዕቃ በስልካችሁ፣ በቀን ብርሃን፣ በር ላይ አውጥታችሁ አንሱት። ጥለቱን ቀረብ አድርጋችሁ አሳዩ። ልብሱን ገልብጣችሁ የውስጡን ስፌት አሳዩ። ያንን የሚያይ ገዢ ጥያቄው ይቀንሳል፤ እምነቱም ይጨምራል።

ማንም ሊክደው የማይችል ሌላ ነገር አለ። ፔጁ የእናንተ ቤት አይደለም። መስከረም 24 ቀን 2014 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። ያ ቀላሉ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ አገር ውስጥ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቷል። በየካቲት 2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው እስከ ሐምሌ ድረስ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። አምስት ወር ነው። በእነዚያ ወራት ሱቅ የሌላቸው፣ ቻናል ብቻ የነበራቸው ልጆች ገበያ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ያየው ነው። የደንበኛ ስልክ የያዙት ግን ደውለው ሸጡ። ስለዚህ የገዛችሁን ሰው ሁሉ ስሙንና ስልኩን መዝግቡ። አስፈቅዳችሁ፤ በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ ከአዋጁም በላይ የሰው ስልክ አደራ ነው። ለበዓል አንድ አጭር መልእክት ስትልኩለት ያስታውሳችኋል።

ምዝገባ ካነሳሁ አይቀር፣ ለመመዘን የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር ነው። አራት መስመር አስምሩበት። በዚህ ሳምንት ስንት ሰው ጠየቀ? ለስንቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመለሰለት? ስንቱ ገዛ? ከገዙት ስንቱ ከዚህ በፊት የገዛ ነው? ከዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ገዢ «በምን አገኙን?» ብላችሁ ጠይቁና ጻፉ። ቴሌብርና የባንክ ዝውውር ስላለ ማን መቼ እንደከፈለ ከስልካችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። ለምሳሌ ለቡስት 5,000 ብር አውጥታችሁ 40 ሰው ጠይቆ 5 ሰው ቢገዛ፣ አንድ ገዢ 1,000 ብር አስወጣችሁ ማለት ነው። ከአንድ ቀሚስ የምታተርፉት 800 ከሆነ ኪሳራ ነው፤ 2,500 ከሆነ ጥሩ ነው። ላይኩ ስንትም ቢሆን ይህን ሒሳብ አይለውጠውም። ደግሞ ከ40ው ውስጥ ለ20ው ዘግይታችሁ የመለሳችሁ ከሆነ፣ ብር ከመጨመራችሁ በፊት መልሱን አፍጥኑት።

የመጨረሻው መጥፎ ኮመንት ነው። አጥፉት፣ ብሎክ አድርጉት የሚል ምክር በየቦታው ትሰማላችሁ። ስድብና ዘለፋ ከሆነ አጥፉ። «ዕቃው በሳምንቱ ተበላሸ»፣ «ሞተረኛው ሦስት ሰዓት አስጠበቀኝ» የሚል ከሆነ ግን አትንኩት። እዚያው ሥሩ፣ በሰው ፊት መልሱ። «ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ዛሬ በዚህ ስልክ እንደውልልዎታለን፣ እንቀይርልዎታለን» በሉ፤ ቀይሩላቸውም። ያንን ኮመንት ሌሎች መቶ ሰዎች ያነቡታል። እነሱ የሚያዩት ዕቃው መበላሸቱን ብቻ አይደለም፤ ቢበላሽባቸው ምን እንደምታደርጉላቸው ነው የሚያዩት። ኮመንቱን ጠፍቶ ያገኘው ሰው ግን ስክሪንሾቱን ይዞ ሌላ ግሩፕ ላይ ይለጥፈዋል፤ እዚያ ደግሞ መልስ መስጠት አትችሉም።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ፈቃደኛ የሆነ አንድ ሰው ፔጁን ይክፈትልንና የመጨረሻዎቹን አሥር ኮመንቶች አብረን እናንብባቸው። መልስ ላላገኙት እዚሁ ተቀምጠን እንመልስላቸዋለን።